ጣታችን ሳናስበው የሚነካው ሰሌዳ፦ ስክሪን ሪደርና ተችፓድ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ላፕቶፕ ላይ ከስፔስ ባሩ በታች፣ ሁለቱ የእጅ መዳፎች በሚያርፉበት ቦታ መካከል ስላለች ለስላሳ ሰሌዳ ነው የምናወራው። ተችፓድ ትባላለች። ለዓይናማ ሰው ማውስ ናት፤ ጣቱን እያንሸራተተ የሚፈልገው ቦታ ይደርስባታል። ዓይነ ስውር ሆነን በስክሪን ሪደር ለምንሠራ ግን ሳናስበው የምንነካትና ሥራችንን የምታምስብን ሰሌዳ ናት። ከመካከላችን የሒሳብ ሥራ የምንሠራ፣ ጽሕፈት የምንሠራ፣ ገና ኮምፒዩተር በመማር ላይ ያለንም ስላለን ይህን ጉዳይ ከሥር ከሥሩ ማየቱ ይጠቅመናል ብለናል።

መጀመሪያ ስክሪን ሪደር ምን እንደሆነ ለማያውቁ እንግዶቻችን በአጭሩ እንንገር። ስክሪን ሪደር ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ምናሌና ቁልፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነው። ይህን ፕሮግራም በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ እርሱም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ነው፤ ዛሬም በነፃ ይገኛል። ጆዝ የሚባለው ደግሞ በገንዘብ የሚገዛና ከእርሱ የቆየ ነው። ሁለቱም የሚታዘዙት በዋናነት በኪቦርድ ነው። ቀስት እንጫናለን፣ ታብ እንጫናለን፣ ፕሮግራሙ የደረስንበትን ይነግረናል። ማውስ መያዝ አያስፈልገንም። ችግሩ የሚመጣው እኛ ማውስ ባንይዝም ላፕቶፑ ራሱ ማውስ መዳፋችን ሥር ስላስቀመጠልን ነው።

ምን እንደሚፈጠር በሒሳብ ሥራ ምሳሌ እንየው። እንበል፤ ኤክሴል ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሠንጠረዥ ከፍተናል። ደመወዟ 10,000 ብር የሆነች ሠራተኛ አለች። ለጡረታ ከእርሷ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪዋ ደግሞ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,100 ብር ይጨምራል። እኛ በትክክለኛው ሴል ላይ ነን፤ ስክሪን ሪደሩም ነግሮናል። 700 ብለን ልንጽፍ እጃችንን ስናስተካክል የአውራ ጣታችን ሥር ሰሌዳዋን ነካ አደረጋት። ለኮምፒዩተሩ ያ ንክኪ ክሊክ ነው። የማውሱ ቀስት በዚያ ሰዓት የት እንደቆመ እኛ አናውቅም፤ ከ5 ረድፍ በላይ ባለው ሰው ደመወዝ ላይ ቆሞ ከሆነ ምርጫው ወደዚያ ይሄዳል። የምንጽፈው 700 በዚያ ሰው ደመወዝ ላይ ይተካል።

"ስክሪን ሪደሩ አይናገርም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ይናገራል። ነገር ግን መናገር ሲጀምር እኛ ቁጥሩን መጻፍ ጀምረናል፤ ቁልፍ በተጫንን ቁጥር ደግሞ የጀመረውን ንግግር አቋርጦ የጻፍነውን ያነባል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከአፉ ሳይወጣ ይቀራል። እኛ የሰማነው ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብቻ ነው። ሁሉ ነገር ትክክል ይመስላል።

ይህ አንዱ ብቻ ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ ንክኪው የጽሑፍ ምልክቱን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ የአራተኛው አንቀጽ ቃል የሁለተኛው አንቀጽ መካከል ይገባል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ባላቸው አብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሦስት ጣት በአንድ ጊዜ ወደ ታች ከተንሸራተተ መስኮቶቹ ሁሉ ይወርዱና ዴስክቶፑ ይመጣል። ዓይናማው ያየዋል፤ እኛ ግን "ፕሮግራሙ ጠፋ" ብለን እንደነግጣለን። ሁለት ጣት ከሆነ ገጹ ይንሸራተታል ወይም ፊደሉ ይተልቃል። ከእነዚህ አንዱም የኮምፒዩተር ብልሽት አይደለም፤ ቫይረስም አይደለም። ሰሌዳዋ የተሠራችበትን ሥራ እየሠራች ነው።

ታዲያ ጉዳዩን ለስብሰባ የሚያበቃው ምንድን ነው? የሚያበቃው ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚለጠፍ ስለምናውቅ ነው። የደመወዝ ሠንጠረዡ ድምር ከባንክ ዝውውሩ ጋር አልገጥም ሲል የሚፈትሸው ሰው ሰሌዳዋን አይጠረጥርም። "ስለማታይ ነው" ይላል። አንዳንዱ በክፋት ይላል፤ ብዙው ግን በርኅራኄ ይላል፤ ለእኛ የባሰው የርኅራኄው ነው። ምክንያቱም በርኅራኄ የተባለው ነገር ሒሳቡን ከእጃችን ወስዶ ስልክ መቀበያ ላይ ያስቀምጠናል። ዲፕሎማችንን ይዘን፣ ዴቢትና ክሬዲቱን አውቀን፣ በአንድ መዳፍ ንክኪ ምክንያት እምነት ልናጣ አይገባም። አንዲት ሴት ከሥራዋ ስትነሳ ደግሞ ከኋላዋ ለምትመጣው ሌላ ዓይነ ስውር እህት በሩ ይጠብባታል። "ሞክረን ነበር፤ አልሆነም" ይባልባታል።

ስለዚህ መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንደኛ፤ ዝምታና ደኅንነት አንድ አይደሉም። ይህን ከሁሉ አስቀድመን እንያዘው። ኤንቪዲኤ የማውሱ ቀስት የሚያልፍበትን ሁሉ የማንበብ ልማድ አለው። መዳፋችን ሰሌዳዋን በነካ ቁጥር ያልጠየቅነውን ይለፈልፋል። ይህ ስለሚያሰለች ብዙዎች የኤንቪዲኤ ቁልፍንና ኤምን አብረው በመጫን ያጠፉታል። የኤንቪዲኤ ቁልፍ የምንለው ኢንሰርትን ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ካፕስ ሎክንም ማድረግ ይቻላል። ልብ በሉ፤ ይህ የሚያጠፋው ንግግሩን ብቻ ነው። ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፤ ክሊኩም ይሠራል። ውሻውን ዝም አሰኝተን በሩን ክፍት ትተን ተኛን ማለት ነው። ሰሌዳዋ እስክትዘጋ ድረስ ልፍለፋውን መተዉ ይሻላል፤ "እጅሽ ነክቷል" የሚለን እርሱ ነውና።

ሁለተኛ፤ ሰሌዳዋን ራሷን መዝጋት ነው። ብዙ ላፕቶፖች ለዚህ የተመደበ ቁልፍ አላቸው። ከላይ ካሉት ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ካሉት ቁልፎች አንዱ ሲሆን አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ኤፍ ኤን ከሚባለው ቁልፍ ጋር ይጫናል። የትኛው እንደሆነ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ዓይናማ ሰው ቁልፉ ላይ የተሳለችውን የሰሌዳ ሥዕል አንድ ጊዜ ቢያሳየን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ነገር ብናደርግ በጣታችን እናገኘዋለን። በአንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ የሰሌዳዋን የላይኛውን የግራ ጥግ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ይዘጋታል፤ ይከፍታታልም።

የዚህ ቁልፍ ችግር ብዙውን ጊዜ ስክሪን ሪደሩ "ተዘጋ" ወይም "ተከፈተ" ብሎ አለመናገሩ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የማውስ ንባቡን እንክፈትና ጣታችንን ሰሌዳዋ ላይ ረጅም አድርገን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እናንሸራትት። ከለፈለፈ ክፍት ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ነክተን ዝም ካለ ግን ተዘግታለች አንበል፤ ቀስቱ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ቁልፍ ለሌለው ላፕቶፕ በዊንዶውስ ሴቲንግስ በኩል መዝጋት ነው። የዊንዶውስ ቁልፍን ተጭነን ተችፓድ ብለን በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ የተችፓድ ሴቲንግስ ሲለን ኢንተር እንጫናለን። ታብ እያልን ስንሄድ ተችፓድ የሚል መክፈቻና መዝጊያ እናገኛለን፤ ስፔስ ስንጫን ይዘጋል። ይህ መንገድ ከቁልፉ የሚሻለው ስክሪን ሪደሩ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን አንብቦ ስለሚነግረን ነው።

እዚያው ገጽ ላይ አንድ ሌላ ጠቃሚ ምርጫ አለ፤ ማውስ ሲሰካ ተችፓዷ ክፍት ትቆይ ወይስ ትዘጋ የሚል ነው። ምልክቱን ካነሳነው ማውስ በሰካን ቁጥር ሰሌዳዋ ራሷ ትዘጋለች፤ ስንነቅል ትከፈታለች። ማውሱን ባንጠቀምበትም ግድ የለም፤ ጠረጴዛው ዳር ይቀመጥ። ላፕቶፑን ከዓይናማ ሰው ጋር ለሚጋሩት ይህ ከሁሉ ይመቻል፤ እርሱም በማውሱ ይሠራል፣ እኛም በኪቦርዱ።

አራተኛ፤ ሰሌዳዋን ፈጽሞ መዝጋት የማይቻልበት ሁኔታ አለ። የቤት ላፕቶፕ ሲሆን፣ ልጆችም ሲጠቀሙበት "ማን ዘጋው?" የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል። ያኔ እዚያው ሴቲንግስ ውስጥ በአንድ ጣት መታ ማድረግ ክሊክ እንዳይሆን ማድረግ እንችላለን። ዓይናማው ሰሌዳዋን ጫን አድርጎ ክሊክ ያደርጋል፤ የእኛ ቀላል ንክኪ ግን ቀስቱን ከማንቀሳቀስ አያልፍም። ከዚህም ጋር የስሜታዊነት ደረጃዋን ዝቅተኛ ወደሚለው ማውረድ ነው። ይህ ፍጹም መከላከያ አይደለም፤ ግን ብዙውን ጉዳት ያስቀራል።

አምስተኛ፤ ምንም ሴቲንግ የማይጠይቁ መንገዶችም አሉ። አንዱ ስስ ካርቶን በሰሌዳዋ ልክ ቆርጦ በፕላስተር ዳርና ዳሩን መለጠፍ ነው። ሥራ ስንጨርስ ላፕቶፑን ከመክደናችን በፊት ግን ካርቶኑን እናንሳው፤ ወፍራም ነገር ኪቦርዱ ላይ እያለ ክዳኑ ከተጫነ ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌላው በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ ነው። ላፕቶፑን ገፋ አድርገን ኪቦርዱን ከፊታችን ስናደርግ መዳፋችን ከሰሌዳዋ ይርቃል። ቀኝ ዳር ላይ የቁጥር ሰሌዳ ያለውን ከመረጥን ለሒሳብ ሥራ ድርብ ጥቅም ነው፤ ቁጥር በፍጥነት እናስገባበታለን፤ የስክሪን ሪደሩ ትእዛዞችም በእርሱ ይቀላሉ።

ከሴቶቹ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። "ሰሌዳዋን ዘግቼ በኪቦርድ የማይደረስበት ቁልፍ ቢያጋጥመኝስ?" የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ አንዳንድ የሒሳብ ፕሮግራሞች ታብ ስንጫን የሚዘሏቸው ቁልፎች አሏቸው። መልሱ ግን ደስ ይላል። ሰሌዳዋ ብትዘጋም የማውሱ ቀስት አልሞተም፤ ስክሪን ሪደሩ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። በኤንቪዲኤ የላፕቶፕ አቀማመጥ የኤንቪዲኤ ቁልፍን፣ ሺፍትንና ቀስቶችን አብረን እየተጫንን ታብ ወደማይደርስበት ነገር እንሄዳለን። ስንደርስ መጀመሪያ የኤንቪዲኤ ቁልፍንና ኢንተርን እንሞክር፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። እምቢ ካለ የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ሺፍትና ኤም አብረው ሲጫኑ የማውሱን ቀስት እዚያ ያመጡታል፤ ከዚያ የኤንቪዲኤ ቁልፍ ከግራው ማዕዘናዊ ቅንፍ ጋር የግራ ክሊክ፣ ከቀኙ ጋር የቀኝ ክሊክ ነው። የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ በዴስክቶፕ አቀማመጥ የምንጠቀም ከሆነ የማካፈል ምልክቱ የግራ ክሊክ፣ የማባዛት ምልክቱ የቀኝ ክሊክ ይሆናል። ለተራ የቀኝ ክሊክ ደግሞ ሺፍትና ኤፍ 10 ይበቃናል።

ስክሪን ሪደሩ ራሱ በድንገት ዝም ቢልስ? ኤንቪዲኤን ስንጭን አቋራጩን ካልከለከልነው ኮንትሮል፣ አልትና ኤን አብረን ስንጫን ይመለሳል። እምቢ ቢል የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኢንተር አብረው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ናሬተር ይቀሰቅሱታል። እነዚህን ሁለቱን በቃላችን እንያዛቸው፤ ሰሌዳዋን ያለ ፍርሃት የምንዘጋው እነዚህን ስናውቅ ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ ማክቡክ የላከላችሁም አላችሁ። እዚያ ስክሪን ሪደሩ ቮይስ ኦቨር ይባላል። በማክ ላይ ማውስ ሲሰካ የላፕቶፑ ተችፓድ እንዲዘጋ የሚያደርገው ምርጫ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ፣ ስለ ማውስ ቀስት በሚያወራው ክፍል ይገኛል። ማክ ላይ ግን ሌላም መንገድ አለ፤ ኮንትሮልና ኦፕሽንን ይዘን ሁለት ጣታችንን ሰሌዳዋ ላይ እንደ ሬዲዮ ማዞሪያ ወደ ቀኝ ብናዞር ተችፓዷ እንደ ስልክ ስክሪን ትሆንልናለች። ጣታችን የነካውን ቮይስ ኦቨር ያነብልናል። በግራ ስናዞር ወደ ቀድሞዋ ትመለሳለች። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር ሰሌዳዋ በራሷ ጠላት አለመሆኗን ነው፤ የሠራት ሰው እኛን ካሰበን ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ሰሌዳዋን ከዘጋን በኋላም ሠንጠረዡን ራሱን ማጠር ደግ ነው። ኤክሴል ላይ አንድን ሴል በማውስ ጎትቶ ሌላ ቦታ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን እኛ ስለማንጠቀምበት እንዝጋው። አልት፣ ኤፍ፣ ቲ በተራ ተጭነን ኦፕሽንስ እንከፍታለን፤ አድቫንስድ በሚለው ሥር ሴልን መጎተት የሚፈቅደውን ምልክት እናነሳለን። ቀጥሎ የቀመር ሴሎችንና የደመወዝ ዓምዱን ቆልፈን፣ ቁጥር የምናስገባባቸውን ብቻ ክፍት ትተን፣ ሪቪው ከሚለው ውስጥ ገጹን እንጠብቅ። ያኔ ንክኪ ወደ ተቆለፈ ሴል ቢወስደን እንኳ ኤክሴል አልቀበልም ብሎ ይነግረናል።

ኤንቪዲኤ ላይ ደግሞ የዓምድ ርእሱ ባለበት ሴል ሆነን የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ሺፍትና ሲ፤ የሠራተኞቹ ስም በሚጀምርበት ሆነን የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ሺፍትና አር ብንጫን፣ ከዚያ በኋላ ስንንቀሳቀስ "ዲ 12" ብቻ ሳይሆን የሠራተኛዋን ስምና የዓምዱን ርእስ ይነግረናል። ትልቅ ቁጥር ከማስገባታችን በፊት የኤንቪዲኤ ቁልፍንና ታብን ተጭነን የት እንዳለን እንጠይቅ። በመጨረሻ ድምሩን በወረቀት ላይ ካለው ጋር እናመሳክር። ዓይናማ የሒሳብ ሠራተኛም ቢሆን ይህን ያደርጋል፤ ማመሳከር የሙያው ሕግ እንጂ የዓይነ ስውርነት ቅጣት አይደለም።

ስለ ሥራ ቦታም አንድ ነገር እናንሳ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ኃላፊነት ጥሎበታል፤ በጾታና በአካል ጉዳት ምክንያት በእኛ በሴቶቹ ላይ የሚደርሰውን ድርብ ጫናም ያነሳል። ስለዚህ ኪቦርድ እንዲገዛልን፣ ሰሌዳዋ እንዲዘጋልን ስንጠይቅ ውለታ እየለመንን አይደለም። ነገር ግን ስንጠይቅ በግልጽ እንጠይቅ። "ኮምፒዩተሩ ያስቸግረኛል" ካልን መልሱ "እንግዲያው ሌላ ሥራ እንስጥሽ" ሊሆን ይችላል። "ተችፓዱ ሲነካ ምርጫውን ያዛውራል፤ ሴቲንግስ ውስጥ ይዘጋልኝ፤ አንድ የዩኤስቢ ኪቦርድ ይገዛልኝ" ካልን ግን የአይቲ ባለሙያው ያለ ክርክር ይፈጽመዋል። ችግሩን በስሙ የጠራ ሰው መፍትሔውን ግማሽ መንገድ አምጥቶታል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ ለእናንተ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ላፕቶፕ ስትለግሱን ተችፓዱን የሚዘጋ ቁልፍ ያለው መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት እዩልን፤ ከተቻለ የቁጥር ሰሌዳ ያለውን ምረጡ። ከእያንዳንዱ ላፕቶፕ ጋር አንድ የዩኤስቢ ኪቦርድ ጨምሩ፤ ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ዕቃውን ካስረከባችሁ በኋላ የአንድ ከሰዓት ጊዜ ስጡን፤ ሴቲንጉን አብረን እናስተካክል፣ ቁልፉን አሳዩን። ያለዚህ የተሰጠ ላፕቶፕ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ "አልተጠቀሙበትም" ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ እኛም ሆነ እናንተ አናተርፍም።

ለእናንተ ለአባላት ደግሞ የቤት ሥራ አለን። ዛሬ ቤት ስትገቡ ላፕቶፓችሁን ክፈቱ፤ መጀመሪያ ሰሌዳዋ ክፍት መሆን አለመሆኗን ፈትሹ፤ ከዚያ ከነገርናችሁ መንገዶች ለእናንተ የሚስማማውን አንዱን አድርጉ። የላፕቶፓችሁን ሞዴልና የሚዘጋውን ቁልፍ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። የእያንዳንዳችን ከተሰበሰበ በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ ላፕቶፕ ለምታገኘው እህት "የአንቺው ቁልፍ ይህ ነው" ብለን የምንሰጣት ዝርዝር ይኖረናል። ያቃታት ካለች ላፕቶፗን ይዛ በሚቀጥለው ስብሰባ ከአንድ ሰዓት በፊት ትምጣ፤ አብረን እናየዋለን።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን ሳይሆን ድምፃችሁን አንሡ።